የጣሊያንኛ ግሥ በአማርኛ ጆሮ

ሮም ውስጥ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ጊዜ ነው። እሑድ ሙሉ ቀን፣ ሐሙስ ግማሽ ቀን፤ ልማዱ የቆየ ነው። በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባሉት መንገዶች የሐበሻ ሴቶች ሁለት ሦስት እየሆኑ ይታያሉ። ገሚሶቹ ወደ ገንዘብ መላኪያው፣ ገሚሶቹ ቡና ወደሚፈላበት ቤት፣ የቀሩት ደግሞ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቋንቋ ትምህርት ያመራሉ። ክፍሉ ጠዋት ሕፃናት የሚማሩበት ነው፤ ወንበሩ ለትልቅ ሰው ጉልበት አይመችም። ከባንግላዴሽ፣ ከፔሩ፣ ከዩክሬን፣ ከኤርትራ የመጡ ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከኋላ ሁለት ኢትዮጵያውያን አሉ፤ አንዷ ሮም ከገባች ዓመት ያልሞላት ወጣት፣ ሌላዋ ብዙ ዘመን የኖሩ ጠና ያሉ ሴት።

መምህርቷ ሰሌዳው ላይ አንድ ግሥ ጽፋለች፤ ፕሬንዴሬ፣ መውሰድ። ከሥሩ ሁለት ቃላት አሉ፤ ፕሬንዲ እና ፕሬንዳ። የመጀመሪያው ለጓደኛ፣ ለወንድም፣ ለሕፃን ነው አለች። ሁለተኛው ለሐኪም፣ ለማናውቀው ሰው፣ ለአዛውንት። ወጣቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ ጎረቤቷ ዞረች።

«እትዬ፣ ለካ ሲኞራን ‹ውሰጂ› እያልኳቸው ነው የከረምኩት! ጠዋት ጠዋት መድኃኒታቸውን ይዤ፣ ‹ፕሬንዲ፣ ፕሬንዲ›።»

«አንቺ ልጅ፣ ታዲያ ፊታቸውን ቢያዞሩብሽ ምን ይገርማል? የሰማንያ ዓመት ባልቴት ‹ውሰጂ› ይባላሉ እንዴ?»

«አላወቅኩማ! ፕሬንዳ ነው የሚባለው? ይውሰዱ?»

«አዎ፣ ይውሰዱ። ልክ እንደ እኛው።»

ሴትየዋ «ልክ እንደ እኛው» ያሉት በሰዋስው ሚዛንም ቢለካ ትክክል ነው። አማርኛ ሰውን ሲያከብር ግሡን ከሁለተኛ መደብ አውጥቶ ወደ ሦስተኛ ይወስደዋል። «እርስዎ ይውሰዱ» ስንል ግሡ «እነሱ ይውሰዱ» ስንል ካለው ጋር አንድ ነው፤ ፊታችን የተቀመጡትን ትልቅ ሰው በቀጥታ ከመጥቀስ እንቆጠባለን። ጣሊያንኛም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ልዩነቱ እኛ በብዙ ቁጥር ስናከብር እነሱ በነጠላ፣ ያውም በሴት መደብ ማክበራቸው ነው። የአክብሮት መጠሪያቸው «ሌይ» እና «እሷ» የሚሉበት ቃል አንድ ነው፤ ጢማም ዳኛም ቢሆን «ሌይ» ይባላል። ትእዛዙ ደግሞ የተወሰደው እኛ «ይውሰድ፣ ትውሰድ» ከምንልበት፣ ሊቃውንቱ ዘንድና ትእዛዝ ከሚሉት አንቀጽ ነው። በእንግሊዝኛ ይህ ሁሉ የለም፤ ለልጅም ለአያትም «ቴክ» ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ጣሊያንኛን ሲጀምር የሚከብደው፣ እኔ እንደማምነው፣ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ነው። የሚገዛው መጽሐፍ፣ ስልኩ ላይ የሚጭነው መተግበሪያ፣ የሚያየው ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስረዳው። እንግሊዝኛ ግን ግሥ ማርባትን ከሞላ ጎደል የተወ ቋንቋ ነው፤ ለስድስቱ መደቦች በአሁን ጊዜ ያለው «ስፒክ» እና «ስፒክስ» ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የጣሊያንኛን ግሥ እንደ ትልቅ ጉድ ያቀርበዋል። ለእኛ ግን ጉድ አይደለም። ከዚህ የረቀቀ ግሥ እያረባን ነው ያደግነው።

ሦስቱ አርእስት

የቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ ሰው አርእስተ ግሥ ምን እንደሆኑ ያውቃል። ግእዝ ስፍር ቁጥር የሌለው ግሥ አለው፤ ተማሪው ግን የእያንዳንዱን እርባታ ለየብቻ አያጠናም። ቀተለን፣ ቀደሰን፣ ባረከን የመሰሉ አርእስት ይይዛል። የቀሩት የእነዚህ ሠራዊት ናቸው፤ አለቃቸው እንደረባ ይረባሉ። የጣሊያንኛ መደበኛ ግሥም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፤ አርእስቱ ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ፓርላሬ ማለት መናገር፣ ክሬዴሬ ማለት ማመን፣ ዶርሚሬ ማለት መተኛት ነው። እናቱ ላቲን አራት ነበሯት፤ ሁለቱ ተዋሕደው ሦስት ቀሩ።

ሦስቱም በ«ሬ» ያልቃሉ። የሚለያዩት ከሬ በፊት ባለው ፊደል ነው፦ ላሬ፣ ዴሬ፣ ሚሬ። ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሣልስ። እዚህ ላይ ፊደላችን ትልቅ ውለታ ይውልልናል። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ግሥ ያየ ሰው ሥሩን ከመድረሻው ለይቶ፣ መድረሻውን ቆርጦ፣ ሌላ ቀጥሎ ነው የሚሠራው። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እርባታው የአንድ ፊደልን ቤት ከመለወጥ አያልፍም። ፓርሎ፣ እናገራለሁ። ፓርሊ፣ ትናገራለህ ወይም ትናገሪያለሽ። ፓርላ፣ ይናገራል ወይም ትናገራለች። ሎ፣ ሊ፣ ላ። ሳብዑ «እኔ» ነው፤ ሣልሱ «አንተ»ም «አንቺ»ም ነው፤ ራብዑ ሦስተኛው ሰው ነው። ወደ ሁለቱ አርእስት እንለፍ፦ ክሬዶ፣ ክሬዲ፣ ክሬዴ፤ ዶርሞ፣ ዶርሚ፣ ዶርሜ። «እኔ» በሁሉም ሳብዕ፣ «አንተ» በሁሉም ሣልስ ሆኖ ጸንቷል። የተለወጠው ሦስተኛው ሰው ብቻ ነው፤ በፓርላሬ ራብዕ የነበረው በሌሎቹ ኃምስ ሆነ።

ብዙ ቁጥሩም ቢሆን ቅጥ አለው። «እኛ» በሦስቱም «ያሞ» ነው፦ ፓርሊያሞ፣ ክሬዲያሞ፣ ዶርሚያሞ። «እናንተ» የአርእስቱን ቤት ሳይለቅ «ቴ» ይጨምራል፦ ፓርላቴ፣ ክሬዴቴ፣ ዶርሚቴ። «እነሱ» በመጀመሪያው «እሱ» ላይ ኖ ጨምሮ ፓርላኖ ይላል፤ በሁለቱ «እኔ» ላይ ኖ ጨምሮ ክሬዶኖ፣ ዶርሞኖ ይላል። ይህችን አንቀጽ ጮክ ብሎ እያነበነበ በቃሉ የያዘ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ግሦችን የአሁን ጊዜ ያዘ ማለት ነው። የፓርላሬ ሠራዊት ዛሬም ምልመላ አላቆመም፤ ጣሊያኖች ከኮምፒዩተሩ ዓለም አዲስ ግሥ ሲያወጡ ክሊካሬ፣ ቻታሬ፣ ጎግላሬ እያሉ እዚያው ያስገቡታል። እኛ «ክሊክ አደረገ» ብለን በረዳት ግሥ የምንወጣውን እነሱ በቀጥታ ያረቡታል።

መጠሪያውስ? «ኢዮ» ማለት «እኔ» ነው፤ ግን ካልተፈለገ አይነገርም። በእንግሊዝኛ የለመደ ተማሪ ዓረፍተ ነገር በከፈተ ቁጥር «ኢዮ፣ ኢዮ» ይላል፤ ለጣሊያን ጆሮ ራሱን ከሰው ሁሉ የሚያስቀድም ሰው ይመስላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን መማር አያስፈልገውም። «እኔ እናገራለሁ» ሲባል ከሌላው ለመለየት እንደሆነ፣ ያለዚያ «እናገራለሁ» እንደሚበቃ አፉ ያውቀዋል። የሚያስፈልገው ያንኑ ዕውቀት ማመን ብቻ ነው።

ሂጂና ሌጂ

የጣሊያንኛ መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ገጽ የሚያጠፉባቸው «የጽሕፈት ልዩ ሕጎች» የሚባሉ አሉ። ቼርካሬ፣ መፈለግ፣ «እኔ» ሲል ያለ ተጨማሪ ፊደል ይጻፋል፤ «አንተ» ሲል ግን መካከሉ ላይ አንድ የማይነበብ የላቲን ፊደል ይገባል። ፓጋሬ፣ መክፈል፣ እንዲሁ ነው። ምክንያቱ ግሡ መለወጡ አይደለም፤ የላቲን ፊደል ነው። ፊደሉ ከኢና ከኤ በፊት ከን ቸ፣ ገን ጀ ብሎ ስለሚያነብ፣ የከን ድምፅ ለማቆየት ጠባቂ ፊደል ይፈልጋል። በግእዝ ፊደል ስንጽፈው ችግሩ የለም፦ ቼርኮ፣ ቼርኪ፣ ቼርካ፤ ፓጎ፣ ፓጊ፣ ፓጋ። ንጹሕ መደበኛ ግሥ ነው። ማንጃሬ፣ መብላትም፣ ማንጆ፣ ማንጂ፣ ማንጃ ነው።

በተቃራኒው ሌጄሬን፣ ማንበብን፣ እንይ። በላቲን ፊደል ምንም የተለወጠ አይመስልም። በእኛ ስንጽፈው ግን ሌጎ፣ ሌጂ፣ ሌጄ ሆኖ ይወጣል፤ ገ የነበረው ጀ ሆነ። የውጭ ተማሪ እዚህ ላይ ይደናገራል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን ለውጥ በየቀኑ አፉ ላይ ያደርገዋል። «ሂድ» ለወንድ፣ «ሂጂ» ለሴት። «ክፈት»፣ «ክፈቺ»። «ውሰድ»፣ «ውሰጂ»። ኢ ስትመጣ ከፊቷ ያለውን ፊደል ወደ ላንቃ ትስበዋለች። ጣሊያንኛ ውስጥ የሚሳቡት ሌሎች ፊደላት ናቸው እንጂ ሳቢዋ ያችው ኢ ናት፤ እነሱ ዘንድ ኤም ትረዳታለች።

ፊደላችን ሁሉንም አይገልጥም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ተማሪን ማሳሳት ይሆናል። አንደኛው የተሰወረው ነገር ድምፅ የሚከብድበት ቦታ ነው። «ፓርሎ» ፓ ላይ ሲከብድ «እናገራለሁ» ነው፤ ሎ ላይ ሲከብድ «ተናገረ» ይሆናል። በጽሑፋችን ሁለቱ አንድ ናቸው። አማርኛ ይህን ያህል ክብደት አንድ ቦታ ላይ አይጭንም፤ ቃሉን ከዳር እስከ ዳር አስተካክሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከሌላው ስሕተት ሁሉ ይልቅ ሐበሻን የሚያሳውቀው ይህ ነው። አቢታሬ፣ መኖር፣ «እነሱ ይኖራሉ» ሲል አቢታኖ ነው፤ ክብደቱ መጀመሪያዋ አ ላይ ያርፋል፣ የቀሩት ሦስቱ ፊደላት በፍጥነት ይከተላሉ። አብዛኛው የእኛ ሰው ግን ታ ላይ ይጫናል። ቴሌፎናኖም፣ ይደውላሉ፣ ሌ ላይ ነው የሚከብደው።

ሕጉ አንዴ ከገባ አይጠፋም፦ ሦስቱ ነጠላዎችና «እነሱ» ክብደታቸው ሥሩ ላይ ነው፤ «እኛ» እና «እናንተ» መድረሻው ላይ። ይህን የያዘ ተማሪ ብዙዎችን የሚያስጨንቀውን የፊኒሬን ምስጢርም አብሮ ይዟል። ፊኒሬ፣ መጨረስ፣ የዶርሚሬ ሠራዊት ነው፤ ግን «ፊኖ» አይልም። ፊኒስኮ፣ ፊኒሺ፣ ፊኒሼ፣ ፊኒያሞ፣ ፊኒቴ፣ ፊኒስኮኖ ይላል። በሦስቱ ነጠላዎችና በ«እነሱ» «ኢስክ» ገባ፤ በ«እኛ» እና በ«እናንተ» አልገባም። እነዚያው አራቱ! ላቲን ውስጥ ይህ ቅጥያ አንድ ነገር እየጀመረ መሆኑን ያመለክት ነበር። ያ ትርጉሙ ጠፍቶ የቀረው ሥራ የድምፁን ክብደት ከሥሩ ላይ ማንሣት ነው። መድረሻው ራሱ ክብደቱን በሚሸከምበት ቦታ አያስፈልግም፣ ስለዚህም አይገባም። በኢሬ ከሚያልቁት ግሦች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ በስደት ኑሮ የሚያስፈልጉትም ይበዙባቸዋል፦ ፑሊሬ፣ ማጽዳት፤ ካፒሬ፣ መረዳት፤ ስፔዲሬ፣ መላክ። «ፑሊስኮ» ያለች ሴት አጸዳለሁ አለች፤ «ካፒስኮ» ያለ ገባኝ አለ።

ሁለተኛው የተሰወረው ነገር መጥበቅና መላላት ነው። ጣሊያንኛ የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ ይጽፈዋል፤ የእኛ ፊደል አይጽፈውም። ነገር ግን ጆሯችን ከማንም በላይ የተሳለ ነው። «ይመታል» ስንል ላልቶ መቺው፣ ጠብቆ ተመቺው እንደሆነ ማንም ሕፃን ይለያል። «ገና» ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ በዓል ነው። ስለዚህ «ፓርሌሬሞ» መጨረሻዋ ሞ ስትላላ «እንናገራለን» ወደፊት፣ ስትጠብቅ «እንናገር ነበር» በቅድመ ሁኔታ ሲሉት፣ እንግሊዛዊው ጓደኛችን ግራ ሲገባው እኛ ወዲያው እንሰማዋለን። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ብዙዎች እንዳላቸው እንኳ አያውቁትም።

«አለሁ» የተሸሸገባት

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የወደፊቱ ጊዜ ነው። ፓርሌሮ፣ ፓርሌራይ፣ ፓርሌራ፣ ፓርሌሬሞ፣ ፓርሌሬቴ፣ ፓርሌራኖ። እነዚህ መድረሻዎች ከየት መጡ? አቬሬን፣ «መኖር፣ ያለው መሆን» የሚለውን ግሥ፣ ብናረባ ኦ፣ አይ፣ አ፣ አኖ ይላል። ያው ናቸው። የጥንቱ የላቲን የወደፊት ጊዜ ሲደክም ሕዝቡ «መናገር አለኝ» እንደ ማለት ግሡንና ረዳቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ በጊዜ ብዛት ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ቃል ሆኑ። ዛሬ ጣሊያናዊው «ፓርሌሮ» ሲል ውስጡ አቬሬ እንዳለ አይሰማውም።

አማርኛችን ያደረገው ይኸው ነው። «እናገራለሁ» ውስጥ «እናገር» እና «አለሁ» አሉ። «ትናገራለህ» ውስጥ «ትናገር» እና «አለህ»። ሁለቱ ስለተዋሐዱ ለብቻ አይሰሙንም፤ ግን አፍራሽ ስናደርገው «አልናገርም» እንላለን፣ «አለሁ» ትጠፋለች። «ስናገር»፣ «ብናገር» ስንልም የለችም። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች፣ አንዱ ከላቲን፣ ሌላው ከሴም የተወለዱ፣ የመኖርን ግሥ በግሡ ጅራት ላይ አጣብቀው ጊዜን ሠሩ። ይህን ያየ ተማሪ የወደፊቱን ጊዜ ከሠንጠረዥ አያጠናውም፤ አቬሬን ካወቀ አብዛኛውን ራሱ ያወጣዋል። ፓርላሬ የነበረው «ፓርሌ» መሆኑ የፍሎረንስ አነጋገር ውርስ ነው፤ የሲዬና ሰዎች ለረጅም ዘመን «ፓርላሮ» ይሉ ነበር።

የማንግባባበት ቦታም አለ፤ ዋናው የጾታ ነገር ነው። እኛ «ይናገራል» እና «ትናገራለች» ብለን እንለያለን፤ እነሱ ለሁለቱም «ፓርላ» ይላሉ። አዲስ ሰው «ማን ነው? ወንድ ነው ሴት?» እያለ ይጠይቃል፤ መልሱ ከንግግሩ አካሄድ ነው የሚገኘው። በአንጻሩ እኛ ጾታን በማንለይበት እነሱ ይለያሉ። «ደረስኩ» ብንል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት ግሡ አይነግረንም። ጣሊያንኛ ግን ወንዱን «ሶኖ አሪቫቶ»፣ ሴቷን «ሶኖ አሪቫታ» ያሰኛል። የእኛ ሴቶች ብዙ ጊዜ «አሪቫቶ» ሲሉ የሚሰሙት አማርኛ ስለ ራሷ የምትናገር ሴት ግሧን እንድትለውጥ አስተምሯት ስለማያውቅ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ኤሴሬን፣ «መሆን»ን፣ ረዳት በሚያደርጉት እንደ መሄድ፣ መምጣት፣ መድረስ ባሉት ግሦች ነው። በአቬሬ ሲረዱ ሁሉም አንድ ነው፦ ኦ ላቮራቶ፣ ሠራሁ፤ ኦ ቬንዱቶ፣ ሸጥኩ፤ ኦ ዶርሚቶ፣ ተኛሁ። አቶ፣ ኡቶ፣ ኢቶ፤ ለሦስቱ አርእስት ሦስት ማሠሪያ።

እዚህ ላይ መማሪያ መጻሕፍት በግልጽ የማይናገሩትን ልናገር። የክሬዴሬ ሠራዊት በአሁን ጊዜ ታዛዥ ነው፤ በኃላፊ ጊዜ ግን አብዛኛው ከድቷል። ፕሬንዴሬ «ፕሬንዱቶ» አይልም፣ ፕሬሶ ይላል። ሌጄሬ ሌቶ፣ ስክሪቬሬ ስክሪቶ ይላሉ። በታማኝነት የቀሩት እንደ ክሬዴሬ፣ ቬንዴሬ፣ ቴሜሬ፣ ሪቼቬሬ፣ ሪፔቴሬ ያሉ ጥቂቶች ስለሆኑ ነው መጻሕፍቱ ሁሉ እነዚያኑ እየደጋገሙ የሚያሳዩት። ተማሪው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ጥፋቱ የእሱ ስንፍና እየመሰለው አያዝንም ነበር።

ግሡም ታሪክ አለው

ሮም የሚኖር ተማሪ ክፍል ውስጥ «አንዲያሞ»፣ «ማንጃሞ» ተምሮ ወጥቶ መንገድ ላይ «አናሞ»፣ «ማኛሞ» ሲሉ ይሰማል። የሮም ሰዎች ጠባይ ነው ብለው ያልፉታል እንጂ ነገሩ ጥንታዊ ነው። «እኛ» ድሮ በአብዛኛው ጣሊያን አሞ፣ ኤሞ፣ ኢሞ ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን ፍሎረንስ ውስጥ «ያሞ» ቀደም ሲል ካየነው ከዘንድና ትእዛዝ አንቀጽ ተነሥቶ ሁሉንም ጠቀለለ፤ የፍሎረንስ አነጋገር የጽሕፈት ቋንቋ ሲሆን «ያሞ» አብሮ ነገሠ። በ1321 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሞተው ባለቅኔው ዳንቴ ራሱ አንዳንዴ አሮጌውን «አቬሞ» ይጠቀም ነበር። ሮም መንደር ውስጥ «አናሞ» የሚሉ ሽማግሌ ቋንቋውን አላበላሹም፤ የቆየውን ነው የያዙት።

«እኔ» ሳብዕ ነው ያልነውም በቀደመው ልማድ ጊዜ ሁሉ ላይ አይሠራም ነበር። «እናገር ነበር» በድሮው ጽሑፍ «ፓርላቫ» ነበር፣ «ይናገር ነበር»ም «ፓርላቫ»። አሌሳንድሮ ማንዞኒ በ1827 ያሳተመውን «ኢ ፕሮሜሲ ስፖዚ» የተባለ ልብ ወለድ በፍሎረንስ ሕያው አነጋገር መሠረት እንደገና አርሞ ከ1840 ጀምሮ ሲያወጣ «እኔ»ን ወደ ሳብዕ፣ ወደ «ፓርላቮ» አዛወረው። ልብ ወለዱ በየትምህርት ቤቱ ስለተነበበ ለውጡ ጸና።

የአክብሮቱ «ሌይ» ደግሞ እኛንም የሚነካ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ በፋሺስት ወረራ ሥር በነበረችበት በ1938 የሙሶሊኒ አገዛዝ በገዛ አገሩ ሰዎች ግሥ ላይም ዘመተ። «ሌይ» የባዕድና የአሽከርነት ነው ተብሎ በ«ቮይ»፣ «እናንተ» በሚለው፣ እንዲተካ ታዘዘ። የፓርቲው ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ ዘመቻውን መራ። «ሌይ» የተባለ የሴቶች መጽሔት እንኳ ስሙን ወደ «አናቤላ» ቀየረ። ሥርዓቱ ሲወድቅ «ሌይ» ተመለሰ። ኔፕልስና ደቡቡ ግን «ቮይ»ን ከፋሺስቶች በፊትም ይጠቀሙበት ነበር፣ ዛሬም ይጠቀሙበታል፤ እዚያ «ፓርላቴ» የተባሉ እናት ተከብረዋል።

ለጀማሪ የአክብሮት ትእዛዝ አንድ ወጥመድ አለው። በክሬዴሬና በዶርሚሬ ሠራዊት ሣልሱ ለወዳጅ፣ ራብዑ ለክቡር ነው። በፓርላሬ ሠራዊት ግን ይገለበጣል፤ ራብዑ ለወዳጅ፣ ሣልሱ ለክቡር ይሆናል። «ማንጃ» ብላ ወይም ብይ፤ «ማንጂ» ይብሉ። «ስኩዛ» ለጓደኛ፤ «ስኩዚ» ለማናውቀው ሰው። «ኤንትሪ» ይግቡ፣ «አስፔቲ» ይጠብቁ። ጣሊያኖችም ይሳሳቱበታል። በ1975 የወጣው «ፋንቶዚ» የተባለ አስቂኝ ፊልም ውስጥ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ቴኒስ ሜዳ ላይ ባልደረባውን ሊያከብር ፈልጎ «ባታ» በማለት ፈንታ «ባቲ» ይላል፤ አገሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። ደግሞም የቋንቋ ሊቁ ቱሊዮ ዴ ማውሮ እንደገመቱት፣ ጣሊያን በ1861 አንድ ስትሆን ጣሊያንኛ የሚናገረው ከመቶው ሁለት ተኩል ብቻ ነበር። ከ1960 እስከ 1968 አልቤርቶ ማንዚ የተባሉ መምህር በቴሌቪዥን ማንበብና መጻፍ ያስተማሩት የገዛ አገራቸውን ጎልማሶች ነው። የጣሊያንኛን ግሥ በጎልማሳነት መማር ነውር ያልሆነው ለእኛ ብቻ አይደለም።

ነገሩ የእንጀራም ጉዳይ ነው። ከ2010 ወዲህ የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የኤ2 ደረጃ ጣሊያንኛ ማስመስከር አለበት፤ ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ዜግነት የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለውን ቢ1። ሲዬናና ፔሩጃ ያሉት ለውጭ ዜጎች የተቋቋሙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲና የዳንቴ አሊጊዬሪ ማኅበር የምስክር ወረቀቱን ይሰጣሉ። ፈተናው ላይ የሚያስፈልጉት ከላይ ያየናቸው ናቸው፦ የአሁን ጊዜ፣ በአቬሬና በኤሴሬ የሚረዳው ኃላፊ፣ «ነበር» የምንለው፣ የወደፊቱና የአክብሮቱ ትእዛዝ። «ተናገረ» የሚለው አንድ ቃሉ ፓርሎ በሰሜን ጣሊያን ንግግር ውስጥ እምብዛም ስለማይሰማ ሊቆይ ይችላል።

ግሥን ከግሥ ጋር አስተያይቶ የማስተማር ሥራ በተቃራኒው አቅጣጫ ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርቷል። ጣሊያናዊው ሊቅ ኢኛትሲዮ ጉዊዲ በ1889 የአማርኛ ሰዋስው ለጣሊያኖች አሳተሙ፤ በ1901 ደግሞ በኢትዮጵያዊው ሊቅ በክፍለ ጊዮርጊስ ተረድተው ትልቁን የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1908 ሮም ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምር ነበር። በ1905 ሰዋስው፣ በ1911 ደግሞ «ኢል ቬርቦ አማሪኮ»፣ የአማርኛ ግሥ፣ የሚል መጽሐፍ ለጣሊያን ተማሪዎች ጻፈ። በወረራው ዘመን ከጠላት ጎን መቆሙ ስሙን አጥቁሮታል፤ የግሥ መጽሐፉ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ የቋንቋውን ግሥ ከሥሩ አንሥቶ ለባዕድ ጆሮ እንዴት እንዳስረዳ ያሳያል።

ጣሊያንኛ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ የአማርኛ ልጆች፣ አዲስ አበባ በጣሊያን ትምህርት ቤት ያደጋችሁ፣ ሮምና ሚላኖ ዩኒቨርሲቲ የጨረሳችሁ፣ ያንኑ ሥራ ለገዛ ወገናችሁ ሥሩ። መጽሐፉ ሰባቱን ቤቶች ይጠቀም፤ የላቲኑን ጽሕፈት ከጎኑ ያስቀምጥ፤ የሚጠብቀውን ፊደል በነጥብ፣ የሚከብደውን በደማቅ ቀለም ያሳይ። «እናገራለሁ» ካለበት «ፓርሎ»ን፣ «ይግቡ» ካለበት «ኤንትሪ»ን ያስተምር። በእንግሊዝኛ በኩል አያዙረን።